ቤት በባሕር ያሻገሩት የዶን ሬሚሂዮ ሌቪካን ዜና ሕይወት

እኛን ለማጽናናት ከከተማውም ከደሴቶቹም በዚህ ዝናብ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ሣጥኑን ይዘን ወደ ባሕሩ ዳር መቃብር ከመውረዳችን በፊት የዶን ሬሚሂዮ ሌቪካን ማንሲልያን የሕይወት ታሪክ ታዳምጡልን ዘንድ እንለምናለን። ጽሑፉን ያዘጋጁት ባለቤታቸው ዶኛ ኤደልሚራ ኦሄዳ ሲሆኑ፣ የሚያነብላችሁ የዶን ሬሚሂዮ የእኅት ልጅ ነው።

ዶን ሬሚሂዮ ከአባታቸው ከዶን አቤሊኖ ሌቪካንና ከእናታቸው ከዶኛ ሮሳውራ ማንሲልያ፣ ከዚህ ከሳን ኤሊያስ ወደብ ፊት ለፊት በምትታየው በኬንዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1926 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አምስተኛ ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት ከተወለዱት ሁለቱን ባሕር ስለ ወሰደባቸው፣ እናታቸው ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በወገባቸው ገመድ አስረው ከምድጃው እግር ጋር ያውሏቸው ነበር፤ ይህንንም ካደጉ በኋላ እየሳቁ ያጫውቱን ነበር።

ትምህርት የጀመሩት በደሴቲቱ ላይ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ ከወደቡ በጀልባ ይመጡ ስለ ነበር፣ ነፋስ ባለበት ቀን ትምህርት አልነበረም፤ በዚህም ምክንያት ዶን ሬሚሂዮ በሦስት ዓመት ውስጥ የተማሩት የአንድ ዓመት ያህል ብቻ እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር። ማንበብና መጻፍ ግን አልቸገራቸውም። ከሁሉ በላይ የተማሩት ከአባታቸው ሲሆን፣ እርሱም የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ነበር፤ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ ለማንኛውም ቀን ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ሳይሳሳቱ ይናገሩ ነበር።

አባታቸው የቤት አሻጋሪ ነበሩ። በደሴቶቻችን ሰው ሲያገባ፣ ሲጣላ ወይም መሬቱን ሲሸጥ ቤቱን ትቶ አይሄድም፤ ጎረቤቶቹን በየደጃቸው እየዞረ ለደቦ ይጠራና ቤቱን ይዞ ይሄዳል። የእንጨቱ ቤት ከመሠረቱ ተነቅሎ በግንድ ላይ እየተንከባለለ በበሬ ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳል፣ ውሃው በጎደለ ሰዓት ባዶ በርሜሎች ከሥሩ ይታሰራሉ፣ ሙላቱ ሲመጣም ይነሣና ጀልባዎች እየጎተቱ ያሻግሩታል። ደቦውን የሚያዝ፣ ቀኑን የሚመርጥ፣ ነፋሱን የሚያነብና “አሁን!” የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው። ዶን ሬሚሂዮ በአሥራ አራት ዓመታቸው በሚንሳፈፍ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ውሃ የሚገባበትን ስንጥቅ በጆሮ እንዲያዳምጡ ተደረጉ፤ በሃያ ሁለት ዓመታቸው አባታቸው ሲሞቱ “አሁን!” የሚሉት እርሳቸው ሆኑ። በእጃቸው ከተሻገሩት ቤቶች መካከል አንድም አልሰጠመም፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 በሳን ኤሊያስ ትምህርት ቤት መምህርት ከነበሩት ከዶኛ ኤደልሚራ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የዶኛ ኤደልሚራ እናት ዶኛ ፊሎሜና በደሴቲቱ ላይ ብቻቸውን ስለ ቀሩ፣ ልጃቸው ወደ ከተማ እንዲመጡ ደጋግመው ቢለምኗቸውም “ከቤቴ አልወጣም” ብለው አስቸገሩ። ዶን ሬሚሂዮም “ማን ይውጡ አለ? እንዲያውም ከነምድጃዎ ነው የምወስድዎ” አሏቸው፤ እንዳሉትም በሚቀጥለው በጋ በአሥራ አንድ ጀልባ አስጎትተው ቤቱን ከነሴትዮዋ አሻገሩት። ዶኛ ፊሎሜና መንገዱን ሁሉ እሳት አንድደው ድንች እየቀቀሉ ስለ መጡ፣ ከጢስ ማውጫው ጢስ እየወጣ የሚንሳፈፈውን ቤት ለማየት የከተማው ሕዝብ በሙሉ ወደቡ ላይ ወጥቶ ነበር። ቤቱ በታችኛው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ተተከለ።

በደቦው ግብዣ ላይ የፖም መጠጡ በዝቶ ነበር፤ ዶን ሬሚሂዮም ብርጭቋቸውን አንሥተው “እማማ፣ ይህ ቤት ከእንግዲህ ጀልባ ነው! ባሕር ቢመጣ እንኳ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰጥምም፤ እርስዎ ከውስጡ አይውጡ ብቻ!” ብለው ሰዉን አሳቁት። ዶኛ ፊሎሜና ግን አልሳቁም። አመኗቸው። ከዚያ በኋላ ለመጣ ሰው ሁሉ “ቤቴ በየደሴቱ ከሚዞሩት ጳጳስ የበለጠ ባሕር ያውቃል” እያሉ ያወሩ ነበር።

በስድስት ዓመት ውስጥ ዶን ሬሚሂዮ ከየደሴቱ ያሻገሯቸው ሰባት ቤቶች በዚያው ዳርቻ ተሰለፉ፤ ሰዉም “የሬሚሂዮ መርከቦች” ይላቸው ነበር። ከሰባቱ የአንዱ ባለቤት የክርስትና አበልጃቸው ዶን ኦሴያስ ቺጉዋይ ነበሩ፤ ከሚስታቸው ከዶኛ ክሎሪንዳና ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ለዶን ሬሚሂዮና ለዶኛ ኤደልሚራ የመጀመሪያ ልጃቸው ኖልፋ ተወለደችላቸው።

ሜይ 22 ቀን 1960 እሑድ ነበር። ዶን ሬሚሂዮና ባለቤታቸው፣ ዶኛ ክሎሪንዳም ጭምር፣ ኮረብታው ላይ በዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአንድ የክርስትና ግብዣ ላይ ነበሩ፤ ኖልፋ እንደ ልማዷ ከአያቷ ዘንድ ውላ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል መጀመሪያ የመጣው ንቅናቄ ሰዉን ከየቤቱ አስወጣው እንጂ ብዙ አልጎዳም፤ አንዳንዱ እየሳቀ ወደ ማዕዱ ሊመለስ ሲል ዋናው መጣ።

ስለዚያ መንቀጥቀጥ ስንናገር የምንጨምር የሚመስላቸው አሉ። አንጨምርም። ቆሞ የነበረ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን በአራት እግሩ ሆነ፤ መሬቱ ከወዲያኛው ሜዳ እየተነሣና እየወረደ ወደ እኛ ሲመጣ በዓይን ይታይ ነበር፤ ዛፎች ጫፋቸው መሬት ነክቶ ይመለስ ነበር፤ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ደወል ማንም ሳይነካው ደወለ። ከሁሉ የከፋው አለማለቁ ነበር። ሰው ጸሎቱን ጨርሶ እንደ ገና ይጀምራል፣ እንደ ገናም ይጨርሳል፣ መሬቱ ግን አልጨረሰም። በመካከሉ የኮረብታው የሰሜን ጎን ከነላሞቹና ከነአጥሩ ተንዶ ወደ ታች ሄደ፤ ዶን ሬሚሂዮ ይህን በዓይናቸው አዩ።

ንቅናቄው በረድ እንዳለ “ልጅቱ!” ብለው ግማሹ በተናደው መንገድ ቁልቁል ሮጡ፤ ዶኛ ኤደልሚራ በግብዣው ላይ ከነበሩትና ግድግዳ ከወደቀባቸው ተማሪዎቻቸው ጋር ላይ ቀሩ። ታች ሲደርሱ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ ወደ ኮረብታው ልውጣ ሲል፣ ግማሹ ወደ ጀልባዎቹ ይሮጣል። እኛ የባሕር ሰዎች ነንና መሬት ስትከዳን የምንሸሸው ወደ ባሕር ነው። ዶን ኦሴያስ ሁለቱን ልጆቻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሐል መንገድ ላይ ቆመው ነበር።

“አበልጄ፣ ወዴት ይሻላል?” አሏቸው።

“ኮረብታው እየተናደ ነው፤ ከዚያ ነው የመጣሁት፤ ላሞቹን ሲበላቸው አይቻለሁ። ጀልባም ላይ አትውጡ። ቤታችሁ ግቡና ቁጭ በሉ።”

“ውሃ ቢመጣስ?”

“ቢመጣ ቤቶቹ ባሕር ያውቃሉ።”

“ይንሳፈፋሉ በለኛ!”

“ይንሳፈፋሉ።”

ዶን ኦሴያስም “እንግዲያው ድንቹን ልጣድ፤ ሞትም ቢመጣ በባዶ ሆድ አያገኘኝም” ብለው ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። ዶን ሬሚሂዮ በሰባቱም ቤቶች ደጅ እየሮጡ ይህንኑ ቃል ተናገሩ፤ ሊወጡ የነበሩትም ተመለሱ። ማንም አልተጠራጠራቸውም፤ ቤቱን ያሻገረው ሰው ራሱ ነዋ የሚናገረው።

ዶኛ ፊሎሜና በምድጃው ላይ ውሃ አፍስሰው የተሰባበረ ሸክላ ሲለቅሙ፣ ኖልፋም በጠረጴዛው ሥር ተጠቅልላ አገኟቸው። አሮጊቷም “ሰባት ሳህን! ባሕር ስንሻገር አንድ ሳህን አልተሰበረም፤ ይህን ያደረገ መሬት ነው!” እያሉ ይቆጡ ነበር። ዶን ሬሚሂዮ አይዟችሁ ብለዋቸው፣ ጀልባቸውን ሊያጠብቁ ወደ ዳርቻው ወረዱ።

ባሕሩ መጀመሪያ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ገንዳ እንደሚሞላ ውሃ፣ ቀስ ብሎ እስከ ቤቶቹ ወለል ድረስ ተነሣ። ጥቂት ቆየ። ከዚያም መሄድ ጀመረ። ሲሄድ ድምፁ ሺህ ሰንሰለት በድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ያለ ነበር፤ ሰው አይቶት የማያውቀው የወደቡ ወለል ከነመልሕቆቹ ተገለጠ፤ ዓሦች በጭቃው ላይ ይዘሉ ነበር፤ ጀልባዎች በጎናቸው ተጋደሙ። በጉድለት ሰዓት የሚበላ የዛጎል ሥጋ ለመልቀም እንደሚወጣ ሁሉ፣ ሰዉ ቅርጫቱን ይዞ እየተሳሳቀ ወደ ባዶው ባሕር ወረደ። ዶን ሬሚሂዮ ግን ሰዓቱን ቆጠሩ፤ በዚያ ሰዓት ባሕሩ መሙላት እንጂ መጉደል አልነበረበትም። ይህን በሕይወታቸው አንድ ቀን ተሳስተውት አያውቁም።

“ተመለሱ! የጉድለት ሰዓት አይደለም!” ብለው ጮኹ።

“ዶን ሬሚሂዮ፣ ባሕሩም እንደ እኛ ደንግጦ ሰዓቱን ቢረሳ ምን ይፈረድበታል!” አለቻቸው አንዲት ሴት፣ ቅርጫቷን ከፍ አድርጋ እያሳየቻቸው።

ወደ ቤቶቹ ተመልሰው የየቤቱን ግድግዳ እየደበደቡ “ውጡ! ውጡ!” አሉ። ዶን ኦሴያስ በመስኮት ብቅ ብለው “አሁን ግቡ ትላለህ፣ አሁን ውጡ ትላለህ፤ በክርስትናው ላይ ስንት ብርጭቆ ጠጣህ?” አሏቸው። “ኦሴያስ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ውጣ!” ሲሏቸውም “ድንቹ ይብሰልና” ብለው መስኮቱን ዘጉ።

ከዚያም ወደ አማታቸው ቤት ገቡ።

“እማማ፣ ይነሡ።”

“ወዴት?”

“ወደ ላይ።”

“ላይኛው እየተናደ ነው ያልከው አንተ አይደለህም?”

“ነኝ። ቢናድም ይሻላል። ይነሡ።”

“ይንሳፈፋል ያልከውስ?”

“አይንሳፈፍም! ያንሳፈፉት በርሜሎቹ ናቸው፤ ቀን መርጬ፣ ነፋስ ጠብቄ፣ አሥራ አንድ ጀልባ ጎትቶት ነው። እማማ፣ ቤት አይንሳፈፍም!”

ዶኛ ፊሎሜና እንዲህ አሏቸው፦ “ካወቅሁህ ጀምሮ ፈርተህ አይቼህ አላውቅም። ያንን ቃል ስትናገር አልፈራህም ነበር። አሁን ፈርተሃል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይዋሻል።” ይህን ብለው በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኖልፋ የአያቷን ሽርጥ በሁለት እጇ ይዛ “ከአያቴ ጋር ነኝ! ከአያቴ ጋር ነኝ!” ትል ነበር፤ ዶን ሬሚሂዮም የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ ከሽርጡ ላይ አላቀው፣ እየጮኸችና እየነከሰቻቸው በትከሻቸው ላይ ጥለዋት ወጡ። አሮጊቷን ደግሞ ለመሸከም ሁለተኛ ትከሻ እንጂ ሁለተኛ ጊዜ አልነበራቸውም። በሩን ከኋላቸው እንዳልዘጉት እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስታውሱ ነበር።

በተናደው አፈር ላይ በጉልበታቸውና በክንዳቸው እየቧጠጡ ሲወጡ ውሃው ደረሰ። ማዕበል አይባልም። ጥቁር ግድግዳ ነበር፤ በውስጡ ሳንቃ፣ በሬ፣ ጀልባ፣ በጀልባዎቹም ላይ ከመሬት የሸሹት ሰዎች ነበሩ። ቅርጫት ይዘው የወረዱትን ቀና እስኪሉ እንኳ አልጠበቃቸውም።

ከኮረብታው ላይ ሆነን ያየነው ሌላው ነገር ግን ይህ ነው። ሰባቱ ቤቶች አንድ በአንድ ከምሰሶዎቻቸው ላይ ተነሥተው ቀጥ ብለው ተንሳፈፉ። የዶን ኦሴያስ የጢስ ማውጫ ይጨስ ነበር። በዙሪያችን የነበረው ሰው እያለቀሰ “ይንሳፈፋሉ! ሬሚሂዮ፣ መርከቦችህ ይንሳፈፋሉ!” ብሎ ጮኸ፤ ዶኛ ክሎሪንዳ ተንበርክከው አመሰገኑ፤ ዶኛ ኤደልሚራም ልጃቸውን ከባለቤታቸው እጅ ተቀብለው አብረው ጮኹ። ያልጮኹት ዶን ሬሚሂዮ ብቻ ነበሩ። ባለቤታቸው ብቻ በሚሰሙት ድምፅ “በርሜል የላቸውም” አሉ።

ውሃው ሲመለስ ቤቶቹ ተሰልፈው ወደ ወደቡ አፍ ሄዱ። በአንዱ መስኮት ላይ ነጭ ጨርቅ ይውለበለብ ነበር፤ የማን መስኮት እንደ ነበር ሰው እስከ ዛሬ ይከራከርበታል። በወደቡ አፍ ላይ ሦስተኛው ውሃ አገኛቸው። ስለዚያ ከዚህ በላይ አይጻፍም። በሰባቱ ቤቶች ውስጥ ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

ዶኛ ኤደልሚራ እናታቸው በዚያ ቤት ከቀሩ በኋላ ለሁለት ዓመት ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም፤ ምግባቸውን አቅርበው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። ዶን ሬሚሂዮም አንድ ቀን እንኳ “እምቢ ብለውኝ ነው” ብለው ራሳቸውን አልተከላከሉም። ዶኛ ኤደልሚራ ይህን የጻፉት ዛሬ በሣጥናቸው ፊት ይነበብ ዘንድ ነው። አንድ ምሽት ኖልፋ ከጓዳው በር ላይ ቆማ “እማዬ፣ አባዬ እኔን ትቶ አያቴን ቢያወጣት ኖሮ አብረሽው ትበዪ ነበር?” ብላ ጠየቀች። ዶኛ ኤደልሚራ ከጓዳው ወጥተው በማዕዱ ተቀመጡ። ሁለተኛው ልጃቸው አቤሊኖ የተወለደው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

ከመንቀጥቀጡ በኋላ መሬቱ ዝቅ ስላለ ታችኛው ሰፈር በየሙላቱ ውሃ ይገባበት ነበር። ሰዉ ግን ዓሣውም ዛጎሉም ጀልባውም እዚያ ነውና፣ ምሰሶውን አስረዝሞ እንደ ገና እዚያው ሠራ፤ ባላቸውንና ሁለቱን ልጆቻቸውን ያጡት ዶኛ ክሎሪንዳም ሳይቀሩ። ዶን ሬሚሂዮ የአባታቸውን ሙያ ትተው በር እየገጠሙና መስኮት እየጠገኑ ይኖሩ ነበር። ዶኛ ክሎሪንዳ በመንገድ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ይህም ስድስት ዓመት ቆየ።

በስድስተኛው ዓመት ዶኛ ክሎሪንዳ በዶን ሬሚሂዮ በር ላይ መጥተው ቆሙ። “ቤቴን ወደ ኮረብታው አውጣልኝ። ሌላ የሚያወጣ ሰው ቢኖር አንተ በር ላይ አልቆምም ነበር” አሏቸው። ዶን ሬሚሂዮ “እሺ” ብቻ አሉ። በሁለት ቀን፣ በአሥራ አራት ጥማድ በሬ፣ ያለ ዘፈንና ያለ ቀልድ ቤቱ ወጣ። ወጉ ነውና ለደቦው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ግሎ፣ ዛጎሉም ሥጋውም ድንቹም በቅጠል ተሸፍኖ በሰለ። ቅጠሉ ሊገለጥ ሲል ዶኛ ክሎሪንዳ እጃቸውን አንሥተው ሰዉን አስቆሙት።

“ማንም እንዳይበላ። አንተ ሬሚሂዮ፣ የዚያን ዕለት ባሌን ምን አልከው? የሰሙት ሁሉ ሞተዋል። ከአንተ አፍ ልስማው።”

ዶን ሬሚሂዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። “ሊወጡ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኳቸው። ቤቱ ይንሳፈፋል፣ ግቡ ብዬ። ቤት አይንሳፈፍም። አውቅ ነበር፤ ስትስቁልኝና ስታምኑኝ ረሳሁት” አሉ።

ዶኛ ክሎሪንዳ ቅጠሉን ገልጠው “በል ቁጭ በል፤ ድንቹ ይቀዘቅዛል” አሉ፤ ከዚያም በኋላ በመንገድ ሲያገኟቸው ሰላም ይሏቸው ነበር።

ዶን ሬሚሂዮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሙያቸው ተመለሱ። በባሕር ላይ አንድም ቤት አላሻገሩም፤ ሁሉንም ከታች ወደ ላይ በበሬ ያወጡ ነበር። በየደቦው ግብዣ ላይ ማንም ሳይበላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያንኑ ቃል ይደግሙ ነበር፤ መጨረሻው ላይም “መሬት ከነቃነቀች ሰዓት አትጠይቁ፣ ድንች አትጠብቁ፣ ሬሚሂዮ ምን አለ አትበሉ። ውጡ” ይሉ ነበር። ቤታቸውን ሊያወጡ የማይፈልጉት ደግሞ ዶን ሬሚሂዮ በየደጃቸው እየዞሩ ሲነግሯቸው ሰልችቷቸው ያፌዙባቸው ነበር። ወጣቶቹ ድምፃቸውን እያስመሰሉ ይቀልዱ ነበር፤ አንዱም “ዶን ሬሚሂዮ፣ ይዝለሉትና እንብላ፤ በቃላችን እናውቀዋለን!” ሲላቸው፣ “በቃልህ ካወቅኸው አንተው በለው፣ እኔ ልቀመጥ” ብለው እስኪጨርስ ያስቆሙት ነበር። ቄሱ አንድ ጊዜ “እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል፣ ይብቃህ” ሲሏቸው፣ “አባ፣ ላለፉት አይደለም የምናገረው፤ ለሚቀጥለው ነው” ብለው መልሰዋል።

በቤታቸው ውስጥ የኖረው ግን ፍርሃት ነበር። ጀርባቸውን ለባሕር ሰጥተው ተቀምጠው አያውቁም። የውጭው በር በቁልፍ ተዘግቶ አያውቅም፤ ልጆቹ ጫማቸውን ከእግራቸው ሥር ሳያርቁ ይተኙ ነበር። በየቀኑ የሙላቱን ሰዓት ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ባሕሩ ጥቂት የዘገየ ከመሰላቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወደ ደጅ ይወጡ ነበር። ሃምሳ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። እንግዳ ሰው ሕመም ነው ይለው ነበር፤ እኛ ግን ሰዓቱን እየጠበቁ እንደ ነበር እናውቃለን።

የዛሬ ዓመት ገና ግድም የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በገና ዕለት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዶን ሬሚሂዮ በዘጠና ዓመታቸው በኮረብታው ቤታቸው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ምድር ተንቀጠቀጠች። ኖልፋ ወንበሩን ደግፋ ያዘችው። እርሳቸው ግን ስለ ራሳቸው አላሰቡም፤ ዓይናቸው ታችኛው ሰፈር ላይ ነበር። እዚያ እንደ ገና ከሰባቱ ይልቅ እጅግ የበዙ ቤቶች፣ ሕፃናትም፣ ከደቦው ማዕድ ላይ ቃሉን ሰምተው የማያውቁ እንግዶችም ነበሩ። ንቅናቄው ቆመ። መንገዱ ባዶ ነበር። ዶን ሬሚሂዮ “አልወጡም” አሉ። እንደ ገና “ኖልፋ፣ አልወጡም” አሉ።

ከዚያም የመጀመሪያዋ ሴት ሕፃን ታቅፋ በባዶ እግሯ ከጥጉ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ሌላ፣ ከሌላዋም ኋላ ሰፈሩ በሙሉ። የሱናሚው ማስጠንቀቂያ በየስልኩ የጮኸው የመንገዱ እኩሌታ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ግማሽ የተጠበሰ በግ ከነእንጨቱ ተሸክመው ወጡ፤ አንደኛውም እያለከለከ “ዶን ሬሚሂዮ፣ ባሕሩ ሳይመጣ ቢቀር የዚህ በግ ኀጢአት በእርስዎ ላይ ነው!” አላቸው። “ይሁንብኝ፤ አንተ ብቻ ውጣ” አሉት። ኖልፋን ልከው በየቤቱ ስም እያስጠሩ ሁሉም መውጣቱን አስጠየቁ፤ ለአንዲት አሮጊት ሁለት ሰዎች ተመልሰው ከነአልጋዋ አመጧት። ማንም አልቀረም። ባሕሩ ከክንድ ከፍታ በላይ አልተነሣም፤ ሰዉም በግ ተቃጠለብን፣ ሾርባ ፈሰሰብን እያለ እያጉረመረመ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ዶን ሬሚሂዮ ግን ሰውነታቸው በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዶኛ ኤደልሚራ በርዷቸው መስሏቸው ብርድ ልብስ ደረቡላቸው። ቢደረብላቸውም አልቆመም።

ከዚያ ወዲህ ደረታቸውን እያመማቸው ቆይተው፣ በሕክምናም ሲረዱ ከርመው፣ ባለፈው ሐሙስ በተወለዱ በዘጠና አንድ ዓመታቸው በልጆቻቸው መካከል ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የሚወዷቸው ባለቤታቸው ዶኛ ኤደልሚራ ኦሄዳ፣ ልጆቻቸው ኖልፋና አቤሊኖ፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጅ ልጆቻቸው፣ የታመሙ እኅታቸው፣ እንዲሁም ቤታቸውን ያወጡላቸው የኮረብታው ሰዎችና ገና ያልወጡት የታችኛው ሰፈር ሰዎች ከእርሳቸው በኋላ ቀርተዋል።

ዶን ሬሚሂዮ የሚቀበሩት በራሳቸው ፈቃድ ሬሳቸው ያልተገኘው የሃያ ሦስቱ መስቀሎች ባሉበት፣ ከባሕሩ አጠገብ ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው አንድ ነገር ይለምኗችኋል። ወደዚያ ስንወርድ ወይም አፈር ስናለብስ ምድር ብትነቃነቅ፣ ሣጥኑን ባለበት አኑራችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ጸሎቱ ይለቅ አትበሉ፤ ለሟች ክብር ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ልጆቻችሁን ያዙ፣ አዛውንቶቹን እምቢ ቢሉም ያዙ። አልለያቸውም ብለው የሚያስቸግሩት ባለቤታቸው ይሆናሉና፣ እርሳቸውንም ቢቆጡ ቢሳደቡም ተሸክማችሁ ውሰዷቸው፤ ዶን ሬሚሂዮ አይቀየሙም።

ለባሕር ወሰን የሰጠው አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ካመኗቸው ሃያ ሦስቱ ጋር ውሃ በማይደርስበት ከፍታ ያሳርፍልን። አሜን። አሁን እንውረድ፤ የሙላቱ ሰዓት ገና ነው።